ለሠርግ ኬክ የሚሆን ትኩስ አበባ እንዴት ይመረጥ?

የሙሽራዋ እህት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ታናሽ እህቴ በመጪው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ትዳራለች። ከዝግጅቱ ሁሉ የኬኩ ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ነው። ኬኩ ባለ አራት ደርብ ሆኖ በነጭ በተር ክሬም እንዲለበጥ ከኬክ ቤቱ ጋር ተስማምተናል። ሙሽራዋ የፕላስቲክም ሆነ የጨርቅ አበባ እንዲደረግበት ፈጽሞ አትፈልግም፤ ከላይኛው ደርብ ጀምሮ በአንድ ጎን እየተጠማዘዘ እስከ ታች የሚወርድ ትኩስ አበባ እንዲሆንላት ትመኛለች። የሚዜዎቹ ቀሚስ ፈዘዝ ያለ ሮዝ በመሆኑ አበባውም ከነጭ፣ ከክሬምና ከፈዘዝ ያለ ሮዝ እንዳይወጣ አደራ ብላኛለች።

የኬክ ቤቱ ባለቤት አበባውን እኛው ገዝተን እንድናቀርብና እነርሱ እንደሚሰኩት ነግረውኛል። እኔም አስቀድሜ ዋጋ ለማጥናት ወደ አበባ ሻጮች ሄጄ ነበር። ጽጌረዳ፣ ካርኔሽን፣ ጂፕሶፊላ፣ ሃይድሬንጂያና ካላ ሊሊ አሳይተውኛል። አንደኛዋ ሻጭ ለሙሽራ የሚመጥነው ካላ ሊሊ ብቻ ነው ስትለኝ፣ ሌላው ደግሞ ክፍተቱን በጂፕሶፊላ ብንሸፍነው ወጪው በግማሽ እንደሚቀንስልን አስረዳኝ። ይሁን እንጂ አበባው ከክሬሙ ጋር ሲነካካ በሚበላው ሰው ላይ ጉዳት ያመጣ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ሁለቱም «ከታጠበ ምንም አይልም» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጡኝም። በሠርጉ ላይ ብዙ ሕፃናት ስለሚገኙና ሕፃን ደግሞ ኬክ ላይ ያየውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ፣ ይህ መልስ ልቤን አላሳረፈውም።

ስለዚህ በሙያው ያላችሁም ሆነ የራሳችሁን ድግስ ያሳለፋችሁ ሰዎች የሚከተለውን እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። ከእነዚህ አበቦች መካከል በኬክ ላይ ቢቀመጥ የማያሰጋው የትኛው ነው? መታጠብ ብቻውን ይበቃል ወይስ አይበቃም? ሙሽሮቹ ከፎቶ ተመልሰው ኬኩን የሚቆርሱት ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ገደማ ስለሚሆን፣ እስከዚያ ድረስ ሳይጠወልግ የሚቆየውስ ምን ዓይነት ነው? በእናታችን ግቢ ነጭና ሮዝ ጽጌረዳ አለ፤ የሚያብበው ግን እንደ ፈቀደው ነው፤ በሠርጉ ሳምንት እንዲያብብ ማድረግ የሚቻል ከሆነ እርሱንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ኬክ ሠሪዋ (አዲስ አበባ)

እንኳን ደስ ያላችሁ። የሠርግ ኬክ መሥራት መተዳደሪያዬ ነው፤ ወደ እኔ ከሚመጡት ቤተሰቦች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ቀለም ብቻ በመሆኑ፣ እርስዎ አስቀድመው ስለ ጉዳቱ ማሰብዎ በጣም አስደስቶኛል። አንድ አበባ ክሬም ላይ ከተቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ የምግቡ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከውበቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ተክሉ በተፈጥሮው መርዝ አለውን? ሰውየውስ ሲያሳድገው ምን ረጭቶበታል?

ከመጀመሪያው ልነሳ። ካላ ሊሊ ሲያዩት እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ በዓይን የማይታዩ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉት፤ ከንፈርንና ምላስን ያቃጥላሉ፣ ጉሮሮንም ያሳብጣሉ። ዘንጉ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽም ያንኑ ባሕርይ ይዟል፤ በቀጥታ ክሬም ውስጥ ሲሰካ ፈሳሹ ወደ ኬኩ ይወርዳል። ሃይድሬንጂያ ደግሞ ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው አይበላም፤ በዚያ ላይ ውኃ በጣም ስለሚወድ ከውኃ በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቅጠሉ ይኮማተራል። ለ10 ሰዓት ኬክ መቁረሻ ከጠዋት የተሰካ ሃይድሬንጂያ በፎቶ ላይ የታመመ መስሎ ነው የሚወጣው። ጂፕሶፊላ እንደ ሁለቱ አደገኛ ባይሆንም ሆድን ሊያውክ፣ ቆዳንም ሊያሳክክ ይችላል። እኔ የምጠላበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ጥቃቅን አበባዎቹ ሲደርቁ ይረግፉና ክሬሙ ላይ ይለጠፋሉ፤ ነጭ በነጭ ስለሆኑ ቆራጩ አያያቸውም፣ በላተኛው በምላሱ ነው የሚያገኛቸው።

ከግቢ ይቆረጥ ከተባለም ጥንቃቄው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በየአጥሩ የሚተከለው ኦሊያንደር ልብን የሚያውክ ጽኑ መርዝ አለው፤ ቀለሙ ነጭና ፈዛዛ ሮዝ መሆኑ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ኬክ እንዲመረጥ ያደርገዋል። እንደ መለከት ቁልቁል የሚንጠለጠለው ትልቁ ነጭ አበባም ከአስጠናግር ጋር አንድ ወገን ስለሆነ ወደ ኬክ ሊጠጋ አይገባውም። የወፍ ቆሎና ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ሁሉ እንደዚሁ ይቅር። አሁን ፋሽን የሆነውን ክብ፣ ብርማ የባሕር ዛፍ ቅጠልም አደራዎን ኬኩ ውስጥ እንዳያስገቡት። እንጦጦ ላይ ከለጋ ነጭ ባሕር ዛፍ በነፃ የሚሸመጠጥ ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል፤ ነገር ግን ዘይቱ ቢበላ ይጎዳል፤ ሽታውም በተር ክሬሙ ውስጥ ይገባና ኬኩ የጉንፋን መድኃኒት ይሸታል። ለአዳራሹ ጠረጴዛ ግን እሰየው ነው።

በተፈጥሯቸው የማይጎዱትን በተመለከተ፣ ጽጌረዳ ቀዳሚው ነው። ካርኔሽንም ይሆናል፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ሳይጠወልግ የሚቆየው እርሱ ሲሆን፣ ክሬም ቀለም ያለው ካርኔሽን ከጽጌረዳ ጎን ሲገባ ክፍተቱን ከጂፕሶፊላ በተሻለ ይሞላል። ፓንሲና ቫዮላ፣ ካሌንዱላ፣ ላቬንደር፣ እንዲሁም የጥብስ ቅጠል ከነሰማያዊ አበባው ሁሉም የሚበሉ ናቸው። ከእርስዎ ቀለም ጋር የሚሄደው ነጭ ፓንሲ ነው። አረንጓዴ ቅጠል ከተፈለገ የጥብስ ቅጠልን ለጋ ጫፍ ይጠቀሙ። ጤና አዳምን ለቡና ስለምንጠቀምበት ለኬክም የሚሆን የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ሽታው ቫኒላውን ያጠፋዋል፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች እንግዳም አይመከርም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ምን ተረጭቶበታል የሚለው፣ ሻጮቹ «ከታጠበ ምንም አይልም» ያሉዎትን የሚያፈርሰው ነው። ስለዚህ ጉዳይ በአበባ እርሻ ውስጥ የሠሩ ሰዎች ከእኔ በተሻለ ያብራሩታል። እኔ በሥራዬ የምከተለው ግን ይህ ነው፤ ከሱቅ የተገዛ አበባ ንጹሕ ጽጌረዳ እንኳ ቢሆን የሚበላውን ክፍል እንዲነካ አላደርግም።

እንግዲህ የእህትዎን ምኞት እንዴት እናሟላ? ከኬክ ቤቱ ጋር ሲነጋገሩ ከአራቱ ደርቦች ስንቶቹ እውነተኛ ኬክ እንደሆኑ ይጠይቁ። በከተማችን ባለ ብዙ ደርብ የሠርግ ኬክ ሲሠራ አንድ ወይም ሁለት ደርብ በክሬም የተለበጠ ስታይሮፎም (የማይበላ ቀላል ፎም) ማድረግ የተለመደ ነው፤ ለእንግዳው የሚታደለው ከጓዳ ተቆርጦ የሚመጣ ሌላ ኬክ ነው። እኔ ብሆን ሙሽሮቹ የሚቆርሱትን አንዱን ደርብ እውነተኛ አደርገዋለሁ፤ የሚወርደውን የሱቅ ጽጌረዳና ካርኔሽን በሙሉ በስታይሮፎሙ ደርቦች ላይ እሰካለሁ፤ በእውነተኛው ደርብ ላይ የሚያርፈውን ጥቂት አበባ ብቻ ከእናታችሁ ግቢ አመጣለሁ። ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ የአበባ ሐረግ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ቢላዋ የያዘው ሰው ብቻ ነው።

ከአበባ እርሻ (ሆለታ)

የኬክ ሠሪዋን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። በጽጌረዳ እርሻ ድኅረ ምርት ክፍል ውስጥ ስለምሠራ፣ መታጠብ ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ።

ወደ ውጭ የሚላክ ጽጌረዳ በግሪን ሃውስ ውስጥ የሚያድገው እንከን እንዳይገኝበት ተብሎ ነው። ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የሚያስመስለው የፈንገስ በሽታ፣ ግራጫ ሻጋታ፣ ቀይ ሸረሪትና ትሪፕስ የሚባሉ ጥቃቅን ተባዮች የማያቋርጡ ጠላቶቹ ስለሆኑ ርጭቱም አይቋረጥም። ከሚረጩት ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ላይ ላዩን የሚቀሩ ሳይሆኑ ወደ ተክሉ ሥጋ ዘልቀው የሚሠሩ ናቸው፤ እነዚህን ውኃም ሆነ ኮምጣጤ አያወጣቸውም። ከተቆረጠም በኋላ በመንገድ ላይ እንዳይሻግት እምቡጡን ፀረ ፈንገስ መንከር ወይም መርጨት የተለመደ ነው። አበባው ለዓይን የተመረተ እንጂ ለአፍ አልተመረተም። ለቲማቲም ወይም ለፎሶሊያ የተፈቀደ ከፍተኛ የኬሚካል ቅሪት መጠን ሲኖር፣ በአውሮፓ ገበያ እንኳ ለተቆረጠ አበባ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም ተመራማሪዎች ከገበያ የተገዙ 90 የጽጌረዳ፣ የጀርበራና የክሪሳንተመም እቅፎችን መርምረው ከ100 በላይ የተለያዩ የፀረ ተባይ ንጥረ ነገሮችን አግኝተዋል። አበባን ለሚያሽቱና ለሚያቅፉ ሰዎች ስጋት አይደለም ቢባል እንኳ፣ ክሬም ላይ አስቀምጦ መብላት ሌላ ነገር ነው። ሰማያዊና ቀስተ ደመና የሚመስሉ ጽጌረዳዎች ካጋጠሟችሁ ደግሞ ቀለም ተነክረው ወይም ቀለም ያለበት ውኃ ጠጥተው የመጡ እንጂ እንዲያ ሆነው የበቀሉ አይደሉም።

ሌላው ጠያቂዋ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የጊዜውን ጉዳይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ለእኛ የዓመቱ ከባዱ ወቅት ነው። የፍቅረኞች ቀን የሚውለው የካቲት 7 አካባቢ በመሆኑ፣ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ እስከ የካቲት መባቻ ድረስ የሚቆረጠው ጽጌረዳ ሁሉ ወደ አውሮፓ ይጫናል። በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው ዘንጉ ያጠረ፣ እምቡጡ የተጫነው ወይም ለኤክስፖርት ያላለፈ ነው። ቀይ ጽጌረዳ ከሁሉ ይጠፋል፤ ነጭና ክሬም እንደ ቀዩ ስለማይፈለግ ለእናንተ ይቀልላችኋል፤ ቢሆንም ከሻጭ ጋር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስትመርጡ የሆለታ ጽጌረዳ ወይም የዝዋይ ጽጌረዳ እንደሆነ ጠይቁ። ሆለታ ደጋ ስለሆነ አበባው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ራሱም ይተልቃል፤ ዝዋይ ከሆለታ ዝቅ ያለና ሞቃት በመሆኑ ቶሎ ይደርሳል፣ ራሱ ግን ያንሳል። ለትልቁ የታችኛው ደርብ የሆለታው፣ ከላይ ለጠበበው ደግሞ የዝዋዩ ይስማማዋል። ከዘንጉ ጋር የተያያዘበትን የእምቡጡን ሥር በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት፤ ጠንካራ ከሆነ ትኩስ ነው፤ ስፖንጅ ከመሰላችሁ በቀዝቃዛ ክፍል የሰነበተ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ አይቆይም።

የእናታችሁን ጽጌረዳ በተመለከተ፣ ለቀኑ ማድረስ ይቻላል፤ እኛም ለፍቅረኞች ቀን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጽጌረዳ ከተገረዘ በኋላ ዳግመኛ እስኪያብብ እንደ ቦታው ቅዝቃዜ ከ7 እስከ 9 ሳምንት ይፈጅበታል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ወደ 9 ሳምንቱ ማድላት ይሻላል። ሠርጉ ጥር 20 ገደማ ከሆነ፣ ከኅዳር 15 እስከ 25 ባለው ጊዜ ግረዙት። ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ ቀን አትግረዙ፤ ሲሶውን መጀመሪያ፣ ሲሶውን ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ፣ የቀረውን መጨረሻ ላይ ብታደርጉ ብርዱ ቢያዘገየው ወይም ፀሐዩ ቢያፈጥነው አንዱ ወገን ለቀኑ ይደርሳል። ከተገረዘበት ቀን ጀምሮ ምንም ፀረ ተባይ አይነካው። ክሽክሽ ሲወርሰው በጎማ ውኃ ከሥር ወደ ላይ በኃይል ማጠብ ይበቃዋል። ከመኪና መንገድ ዳር ያለ ቁጥቋጦ ከሆነ ግን ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ።

እማማ (ደብረ ዘይት)

ልጄ፣ እኔ የምነግርሽ ከባለሙያዎቹ የተለየ ነገር ነው። ልጄን ስድር እኛም እንዳንቺው ተጨንቀን ነበር፤ በመጨረሻ ያረፍንበት በስኳር አበባ ላይ ነው። በእጇ ጥሩ የሆነች ኬክ ሠሪ የስኳር ሊጡን እንደ ሻሽ እስኪሳሳ ድረስ ዳምጣ፣ ጠርዙን በትንሽ ኳስ ባለው መሣሪያ እያጠፈች፣ አንዱን ቅጠል በሌላው ላይ እያቀፈች ስትሠራው አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች ወደ ውጭ ገልበጥ አድርጋ በማንኪያ ላይ ስታደርቃቸው እውነተኛ ጽጌረዳ ለመምሰል የቀረው ሽታው ብቻ ነበር። አይጠወልግም፣ አይመርዝም፣ ሳምንት ቀድሞ ተሠርቶ ይቀመጣል። ዋጋው ግን ከትኩሱ አበባ ብዙ እጥፍ ነው፤ በውስጡ ሽቦ ካለውም ሕፃናት እንዳይነክሱት ተጠንቀቂ።

እህትሽ ትኩስ ካልሆነ አልፈልግም ካለች ፈቃዷ ይፈጸምላት፣ ቀኑ የእርሷ ነው። ነገር ግን ለመልሱ ቀን ትንሽ ኬክ የምታሠሩ ከሆነ በአደይ አበባ እንዲያጌጥ ብታደርጉት እንዴት ባማረ! በጥር አደይ አበባ ከሜዳ አይገኝም፤ ለእንቁጣጣሽ ወጥቶ ጥቅምት ላይ ያልፋል። በስኳር ከተሠራ ግን ወርኃ ጥርም መስከረም ይሆናል። ሙሽራዋ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ከድፎ ዳቦው ጎን ቢጫ አደይ ያለበት ነጭ ኬክ ሲቀመጥ ታይቶ አይጠገብም።

የሙሽራዋ እህት (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካላ ሊሊውና የጂፕሶፊላው ነገር በዚሁ ተዘግቷል። ኬክ ቤቱን ጠይቄ ከአራቱ ደርብ ሁለቱ፣ ማለትም ከላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ስታይሮፎም እንደሚሆኑ አረጋግጫለሁ። ሙሽሮቹ የሚቆርሱት የታችኛውን ነው፤ የላይኛው እውነተኛ ሆኖ ለቤተሰብ ይቀመጣል። የጽጌረዳውን መግረዝ ለእናቴ ነግሬአት የቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጋለች።

እማማ ያነሱት የመልስ ኬክ ሐሳብ ቤተሰቡን ሁሉ አስደስቷል፤ ነገር ግን መልሱ የሚውለው ረቡዕ ስለሆነ ኬኩ የጾም መሆን አለበት። በእንቁላል ነጭና በስኳር የሚደርቁ እውነተኛ የአበባ ቅጠሎችን በሥዕል አይቼ ወድጄአቸው ነበር፤ እንቁላል ካለበት ግን አይሆነንም። ያለ እንቁላል የሚሠራበት መንገድ አለ? በተጨማሪም ኬክ ሠሪዋ ለአራት ደርብ ስንት አበባ እንደሚበቃ፣ መቼ እንደሚቆረጥና እንዴት እንደሚሰካ ቢያብራሩልኝ ከኬክ ቤቱ ጋር ስነጋገር እጄ ባዶ አይሆንም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

እዚህ እኛ ባለንበት አካባቢ ነገሩ በከፊል ቀሏል። በትልልቅ የምግብ መደብሮች፣ በሶ ብላና ሚንት በሚሸጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ለመብል ብቻ ተብለው ያደጉ ቫዮላና መሰል አበቦች በትንንሽ ግልጽ ሳጥን ይሸጣሉ። በሳጥኑ ላይ የሚበላ መሆኑ ካልተጻፈበት፣ ከዚያው መደብር የአበባ ክፍል የተገዛ ቢሆንም አይበላም ተብሎ ነው የሚያዘው። በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ድግስ ስትደግሱ ይህን ልዩነት ልብ በሉ፤ ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ስለሆኑ ይምታታል።

ለጠያቂዋ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። የቫዮላና የፓንሲ ዘር በትንሽ ማሰሮ ቢዘራ አዲስ አበባ ላይ በጣም ይስማማዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ይወዳልና። ከተዘራ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቢዘራ ለጥር ይደርሳል። የእናታችሁ ጽጌረዳ ቢዘገይ እንኳ እውነተኛው ደርብ ባዶውን አይቀርም።

ኬክ ሠሪዋ (አዲስ አበባ)

የማሰሮው ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው፤ እኔም ቤቴ በረንዳ ላይ ቫዮላ አለኝ።

በመጀመሪያ የጾሙን ልመልስ። በእንቁላል ነጭ ፋንታ የግራር ሙጫ ይሠራል። ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀውን የሙጫ ዱቄት በትንሽ ሞቅ ያለ ውኃ ወይም በጽጌረዳ ውኃ አሟሙታችሁ፣ እንደ ስስ ማር ሲሆን በንጹሕ ለስላሳ ብሩሽ በአበባው ቅጠል ግራና ቀኝ ትቀባላችሁ። ብሩሹ ያልነካው ቦታ ካለ በዚያ በኩል ቅጠሉ ቡናማ ስለሚሆን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ የተቀባው ሁሉ ያብረቀርቃል። ከዚያ በጣም የደቀቀ ስኳር ነስንሳችሁ፣ ትርፉን አራግፋችሁ፣ በብራና ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ቀን ታደርቁታላችሁ። ሲነኩት እንደ ብስኩት የሚሰበር ከሆነ ደርሷል። የጽጌረዳውን ቅጠል ከመቀባታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ነጭ ክፍል በመቀስ ቁረጡ፤ መራራ ነው። በጥር ደረቅ አየር ይህ ሥራ ያለ ምንም ችግር ይሳካል፤ በክረምት ግን አይመከርም። ስኳር አደዩን ደግሞ ያለ እንቁላልና ያለ ጄላቲን እንዲሠሩላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ጄላቲን ከእንስሳ ስለሚወጣ ለጾም አይሆንም።

ወደ ዋናው ኬክ ስንመለስ፣ ለሚወርደው ሐረግ ከ25 እስከ 30 የሚደርሱ ጽጌረዳዎችና ከ15 የማያንሱ ካርኔሽኖች ያዘጋጁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ፍካት ባይኖራቸው ይመረጣል፤ ሙሉ በሙሉ የፈኩትን ሐረጉ በሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ፣ ግማሽ የተከፈቱትን ከጎናቸው፣ እምቡጦቹን ሐረጉ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ አደርጋለሁ። አበባው ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ማታ፣ ዘንጉ በስለት ተቆርጦ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይደር። የግቢውን ጽጌረዳ ግን ማለዳ፣ ጤዛው እንደ ደረቀ ቁረጡት፤ በቀዝቃዛ ውኃ ለአፍታ ነክራችሁ በፎጣ ላይ ገልብጣችሁ አድርቁት፤ በቅጠሎቹ መካከል ትንንሽ ነፍሳት ሊደበቁ ስለሚችሉ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ማየትን አትርሱ።

አሰካኩ እንዲህ ነው። ዘንጉ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ጫፉ በአረንጓዴው የአበባ ቴፕ ይጠቀለልና ጫፉ በቀለጠ ነጭ ቸኮሌት በተደፈነ ስትሮ ውስጥ ይገባል፤ ኬኩ ውስጥ የሚሰካው ስትሮው ነው። ዘንግም ሆነ ሽቦ በቀጥታ ኬክ ውስጥ አይገባም። አበባው ክሬሙ ላይ በሚተኛበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የአበባውን ስፋት ያህል የተቆረጠ ስስ የብራና ወረቀት ከሥሩ ይደረግለታል፤ ከፊት አይታይም። በእውነተኛው የታችኛው ደርብ ላይ የሐረጉ ጫፍ በግቢ ጽጌረዳና በቫዮላ ይለቅ። የሱቅ አበባ ከላይ ሲረግፍ ወደ ታች እንዳይወርድ የሦስተኛውን ደርብ ጠርዝ በካርኔሽን ዝጉት፤ ካርኔሽን አይረግፍም። የላይኛው ደርብ ለቤተሰብ የሚቀር እውነተኛ ኬክ ስለሆነ እርሱም የሱቅ አበባ አይነካውም፤ አንድ የፈካ የእናታችሁ ጽጌረዳ ብቻውን ቢቀመጥበት ይበቃዋል።

ኬኩ አዳራሽ የሚደርሰው አበባ ሳይሰካበት ነው። አበባው በውኃ ውስጥ ሆኖ ለብቻው ይጓዝና ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ እዚያው ይሰካ። ጠረጴዛው በመስኮት በኩል በሚገባ ፀሐይ ወይም በቪዲዮ ሰዎቹ መብራት ሥር እንዳይሆን ለአዳራሹ ኃላፊ በጽሑፍ ስጡ። የተሰኩትን ስትሮዎች ቁጥርም በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ወደ ጓዳ ሲገባ፣ አስተናጋጁ ከመከፋፈሉ በፊት አበባዎቹን ነቅሎ ስትሮዎቹን ቆጥሮ እንዲያስረክብ ንገሩት።